ቅቤ በፎቶ አይገዛም

ፍሬዘር ወደ ወላይታ ሶዶ የመጣው ሐኪሟ ሚስቱ እዚህ ስለተመደበች ነው። እሱ ራሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለአዲስ አበባ ድርጅት በኮምፒውተር ይሠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከመናኸሪያው አጠገብ ፎቅ ላይ በተከራያት ክፍል፣ ተመርቀን ሥራ ያጣነውን ልጆች በነፃ ያሠለጥነን ነበር። ፕሮዳክት ማኔጀር እንድንሆን ነው፤ አንድ መተግበሪያ ለማን፣ የትኛውን ችግር ለመፍታት እንደሚሠራ የሚወስነው ሰው ማለት ነው። ከቤተሰቤ ውጪ የማምነው ሰው ቢኖር እሱ ነበር።

«ኮምፒውተሩን ዝጉት» ይለን ነበር። «መጀመሪያ ሰው ጋ ሂዱ። ጠይቁ፤ ከዚያ ዝም በሉ።»

ዝም ማለት ለእኔ አይከብደኝም። ለሥልጠናው የማጠናው የቅቤ መሸጫ መተግበሪያ ስለነበር፣ ክረምቱን ሙሉ በየገበያው ቀን ሻንቶ ወደምትባለው ከተማ እየወረድኩ፣ ቅቤ ከሚሸጡት ከእትዬ አያልነሽ ጎን እቀመጥ ነበር። የምናወራው በወላይትኛ ነው። ገዢው ሁሉ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለውን ቅቤ ከፍቶ፣ በጥፍሩ ቆንጥሮ ያሸታል። ደንበኞቻቸው ግን ሳያሸቱ ይዘው ይሄዳሉ።

«እነዚህ ለምን አያሸቱም?» አልኳቸው።

እትዬ አያልነሽ ሳቁ። «እኔን ራሴን ካሸተቱኝ ስንት ዘመናቸው፣ ልጄ!»

ያን ጊዜ ገባኝ። መተግበሪያው የቅቤ ፎቶ ቢደረድር ማንም አይገዛም። ማሳየት ያለበት ቅቤውን ሳይሆን ሻጯን ነው። ሰው የሚያምናትን ሻጭ በስሟ ፈልጎ ማግኘት አለበት።

ይህን ስነግረው ፍሬዘር ከወንበሩ ተነሣ። «ብሩክቲ፣ ይህን እኮ እስከዛሬ ማንም አላየውም!» አለኝ። ጥናቱን የማቀርብበትን ስላይድ አብረን ሠራን።

ጥቅምት ላይ የእርሻ ምርት በመተግበሪያ የሚሸጥ አንድ ድርጅት ሶዶ ቢሮ ሊከፍት ሆነ። የሚፈልገው አንድ ረዳት ፕሮዳክት ማኔጀር ብቻ ነው። ከእኛ ክፍል ለቃለ መጠይቅ የተጠራነው ሜላትና እኔ ነን። ሜላት አባቷ በመንግሥት ሥራ ከጎንደር ተዛውረው የመጡ፣ ስትናገር ሰው ሁሉ የሚያዳምጣት ልጅ ናት። የእሷ ተራ ከእኔ ቀደመ። በእኔ ተራ ዋዜማ ፍሬዘር ጠያቂ ሆኖ አለማመደኝ።

«በቅቤው ጀምሪ» አለኝ። «ድምፅሽን ብቻ ከፍ አድርጊ፤ ወይስ ወንበሬን እየጎተትኩ እግርሽ ሥር ልምጣ?»

ሁለታችንም ሳቅን።

በማግስቱ የጠየቁኝ ከአዲስ አበባ የመጡት የድርጅቱ ኃላፊ ወይዘሮ ትርሐስ ነበሩ። የመጀመሪያውን ስላይድ እንደከፈትኩ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ እስቲ። ይህን እኮ ማክሰኞ አይተነዋል።»

«የት?»

«ሜላት አቅርባልናለች። ‹እኔን ካሸተቱኝ› ያሉትን ሴትዮ ሳይቀር።»

«የእኔ ሥራ ነው» አልኩ።

«አልሰማሁሽም።»

«የእኔ ነው።»

ክፉ ሰው አልነበሩም። «አሠልጣኛችሁን ልጠይቀው?» አሉኝ። ደስ አለኝ። እውነቱን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ደወሉለትና እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍተው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ፍሬዘር፣ ብሩክታይት አጠገቤ ናት፤ እየሰማችህ ነው። የቅቤው ጥናት የማን ነው?»

ከጀርባው የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል።

«የቡድን ሥራ ነው» አለ።

«ገበያ የወረደው ማነው?»

«ሁሉም ወርደዋል። የመራችው ግን… ሜላት ናት።»

ወይዘሮ ትርሐስ አመስግነው ዘጉት። «ሌላ ያዘጋጀሽው አለ?» አሉኝ። አልነበረኝም። መምጣቴን አመስግነው ሸኙኝ።

ሜላት መቀጠሯን በሰማሁ ማግስት ወደ ክፍሉ ሄድኩ። ፍሬዘር ብቻውን ሰሌዳ እየጠረገ ነበር። ሲያየኝ መጥረጊያውን አስቀመጠ።

«አንቺንና ሜላትን የተለያየ ሰው የሚጠይቃችሁ መስሎኝ ነበር» አለ፣ ሳልጠይቀው።

«ለምን ሰጠሃት?»

«ከዚህ ክፍል አንድ ሰው እንኳ ካልተቀጠረ ነገ ማን ይመጣል? አንቺ ጎበዝ ነሽ። ግን ሰው ፊት ስትቆሚ ትጠፊያለሽ። እሷ መናገር ትችላለች፣ የምትናገረው አልነበራትም።»

«እሺ፣ እኔን ለምን በቅቤው ጀምሪ አልከኝ?»

«ምን ልበልሽ? ቀይሪው ብልሽ ለምን ብለሽ ትጠይቂኛለሽ።»

ይህን ሲል ማፈሩን አየሁ። ማፈሩ ግን ከመቀጠል አላገደውም።

«ሌላ ነገር ደግሞ አለ» አለኝ። «ሜላት ሰኞ ሻጮቹን ልትመዘግብ ሻንቶ ትወርዳለች። ወላይትኛዋን ታውቂያለሽ፣ ከሰላምታ አያልፍም። አብረሻት ብትወርጂ? እትዬ አያልነሽ የሚያውቁት አንቺን ነው። ለአንቺም ልምድ ይሆንሻል።»

«አልወርድም።»

«ተቀየምሽኝ እንዴ?»

እንዲህ ሲሉኝ «ኧረ ምንም» ማለት ልማዴ ነው። ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

«አዎ» አልኩት።

የሆነ ነገር እንድጨምር ጠበቀኝ። እኔ ግን ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ የማስበው ስለ ሥራው አልነበረም፤ ሥራውማ አንዴ አምልጦኛል። እትዬ አያልነሽ ሰኞ አንዲት ልጅ ፊታቸው ስትቆም ስልክ ደውለው «ታምኛታለሽ?» ይሉኛል። ይመኗት አልልም። አይመኗት ብል ደግሞ ቅቤያቸው ከመተግበሪያው መዝገብ ይቀራል፤ የሚጎዱት እሳቸው ናቸው። መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ «ሻንቶ! ሻንቶ!» የሚሉትን የመኪና ረዳቶች ሰማሁ፤ አልፌያቸው ወደ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ።