የማይለቅ

አንኮበር ላይ «የማይለቅ» ማለት ሙገሳ ነበር። ጥሩ ቀለም አይለቅም፤ ጥሩ ወዳጅ አይለቅም፤ ጥሩ ንቅሳት ደግሞ አፈር እስኪበላው አይለቅም። ደመቀችም ይህን አምና ነው አንገቷን ለነቃሿ ለወለተሐና የሰጠችው።

ያስነቀሷት የእጮኛዋ እናት እመት ይመኙሻል ናቸው። በእሳቸው አንገት ላይ ያለው ንቅሳት ሦስት ረድፍ ሆኖ መካከሉ ላይ መስቀል አለበት፤ በአገሩ ሌላ ሴት እንዲህ ያለ የላትም። «ለምራቴም ይኸንኑ አድርጊላት» አሉና፣ መርፌው ሲወጋት እጇን ይዘው «አይዞሽ ልጄ» ሲሏት ዋሉ። ደመቀችም ሳታለቅስ ቻለችው፤ ሰውየውን ትወደው ነበራ!

እጮኛዋ ዘርአ ዳዊት ደብረ ብርሃን ሆኖ ለመምህርነት ይማር ነበር። ለፋሲካ መጥቶ አንገቷን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«እማዬ፣ ምን አድርገሻት ነው? ከተማ ይዣት ስገባ ምን ሊሉኝ ነው? አይለቅም?»

«ወለተሐና የነቀሰችው! ምን ሲደረግ ይለቃል!» አሉ እናት በኩራት። ምነው በዚያች ሰዓት እንኳ ዝም ባሉ!

ደመቀች በሎሚና በአመድ ፈተገችው፤ አልሆን ሲል በድንጋይ። ደሟ ፈሰሰ እንጂ ንቅሳቱ ንክችም አላለም። ለሰኔ «ልጁ ሐሳቡን ለውጧል» የሚል ሽማግሌ መጣና ነገሩ በዚያው ፈረሰ።

በዓመቱ ከደነባ ሌላ ጠያቂ ተገኘ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ደመቀች ጠላ ስትቀዳ፣ ከመካከላቸው የአንኮበር ተወላጅ የሆነው አንገቷን አየ።

«ይቺ የእመት ይመኙሻል ምራት አይደለችም እንዴ? የሰው ሚስት ልትድሩልን ነው?»

አባቷ ቄስ ገብረ ጻድቅ ነገሩን ከስሩ አስረዱ፤ ማን ሰምቷቸው! እንግዶቹ ጠላውን እንኳ ሳይጨርሱ ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን የረገጠ ሽማግሌ የለም። ምስኪን፣ ጥፋቷ እሺ ማለቷ ነው።

ለኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሕዝቡ ገፍቶ ከእመት ይመኙሻል አጠገብ አቆማት። ሁለቱም አቀረቀሩ። ከደብረ ሲና የመጣች አንዲት ሴት አየቻቸውና ፈገግ አለች።

«የእናትና የልጅ ነገር! አንገታችሁ እንኳ አንድ!»

የአሮጊቷ እንባ ወረደ። ደመቀች ነጠላዋን ወደ አንገቷ ሳበች።

«እናቴ አይደሉም» አለች። «ሊሆኑኝ ነበር።»