ለስድብ የተቆጠረ ሰባት ቤት

«ለጋብቻ ነው?» አሉ አባባ አለነ።

«አይ አባባ፤ ለስድብ ነው» አለ አዝመራው።

ሽማግሌው የሰሙትን ማመን አቃታቸው። ከአገር ቤት የመጣነው በምንኖርበት ሰፈር፣ ሽኩና ኣሌፍ ውስጥ፣ ልጅ የሚድር ሁሉ፣ ሙሽሮቹ ዘመድ እንዳይሆኑ ሰባት ቤት ለማስቆጠር እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ለስድብ ብሎ የመጣ ግን፣ ወይ ጉድ፣ ይህ የመጀመሪያው ነው!

አዝመራው አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ አውቶቡስ ይነዳል። ከወጣትነቱ ጀምሮ ደግሞ ራፕ ይጋጠማል። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ፣ ያለ ሙዚቃ፣ በግጥም የሚሞላለጭበትን ዓይነት ማለቴ ነው። ያገኘውን ሁሉ ሲረታ ኖሮ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አቪኤል የሚባል እኩያው ጉድ ሠራው። መጥረጊያ ይዞ መድረክ ላይ ወጣና ጎበጥ ብሎ፣ የአዝመራው አባት አባባ ይርዳው ታሃና መርካዚት የሚባለውን ዋናውን አውቶቡስ ጣቢያ ሲጠርጉ እንዴት እንደሚሆኑ አሳየ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። አዝመራው ተረታ። ቪዲዮው ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰ፤ አባትየውም አዩት። ከዚያ ወዲህ የልጃቸውን ግጥም መስማት ተዉ።

አሁን ሁለቱ ሽበት ካወጡ በኋላ ድጋሚ ሊገጥሙ ነው። አዝመራው ምሏል፤ የአባቱን ክብር ሳያስመልስ ከዚያ መድረክ አይወርድም። የመጣውም ከአቪኤል ዘር ማንዘር ነውር ፈልጎ ሊሰድብበት ነበር።

«እሱ አባቴን ከነካ፣ እኔ እስከ ቅድመ አያቱ እወርድለታለሁ!»

አባባ አለነ ሊቆጡ አሰቡ፤ ጣታቸው ግን ልማድ ሆኖበት መቁጠር ጀምሮ ነበር። «አቪኤል የታየ፣ ታየ የአየሉ...» አምስተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ። «ይሻሽ! የወገራዋ ይሻሽ! አንተ፣ ይሄማ ዘመድህ ነው። በቆጠራው አባትህ አጎቱ ይሆናሉ!»

አዝመራው ክው አለ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ ይተወው ነበር። እሱ ግን ቤቱ ገብቶ የጻፈውን ሁሉ ቀዶ ጣለና እንደ አዲስ ጀመረ። ቀይ መብራት በያዘው ቁጥር ያነበንባል፤ ተሳፋሪው «ሹፌሩ ብቻውን ያወራል» እያለ ይጠቋቆማል። ይጠቋቆም! ለእሱ ግድ አልሰጠውም።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰፈሩ መዝናኛ ባደረገው ሚቅላት፣ የቦምብ መጠለያ ውስጥ ማለት ነው፣ ሰው ጢም ብሎ ሞላ። ከፊት ወንበር ላይ አባባ አለነ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው፣ እየጎተቱ ያመጧቸው አባባ ይርዳው።

ሁለት ዙር በዕብራይስጥ ተፋለሙ። አቪኤል ጎበዝ ነው፤ እውነቱን እንናገር፣ ይመራ ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ አዝመራው ወደ አማርኛ ዞረ፤

«አቪኤል የታየ፣ ታየ የአየሉ፣
አየሉ የደስታ፣ ሽማግሎች አሉ!
ደስታን የወለደች ይሻሽ የወገራ፣
ብርሃኔን ወለደች፣ እሱ አለሙን አፈራ፣
አለሙ ይርዳውን፤ ይኸው ፊት ለፊትህ፣
መጥረጊያ ይዘህ ያሾፍክባቸው አጎትህ ናቸው፣ አጎትህ!»

አቪኤል ወደ አባባ አለነ ዞረ። ሽማግሌው ራሳቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። በቃ፣ ዳኛ ማን ጠበቀ! ወጣቱ ጮኸ፤ እናቶች እልል አሉ። አዝመራው ደረቱ ሞላ። አሥራ ሁለት ዓመት የቋመጠለት ቀን ይኸው ደረሰ።

የመልስ ተራው የአቪኤል ነበር። እሱ ግን ማይኩን ወለል ላይ አስቀምጦ ወደ በሩ ሄደ፤ በሩን ገትሮ የያዘውን ብሎኬት አንሥቶ ጫንቃው ላይ ጫነና አባባ ይርዳው እግር ሥር ተንበረከከ። አገር ቤት በዳይ ይቅርታ የሚጠይቀው እንዲህ ነው።

«ይማሩኝ አባባ። አላወቅሁም።»

«ተነሥ ልጄ» አሉ አባባ ይርዳው፣ ጊዜ ሳይፈጁ። «አንተ ባዳ መስዬህ ነው። ምሬሃለሁ።»

ከዚያ ቀና ብለው መድረኩ ላይ የቆመውን ልጃቸውን አዩት።

«እሱስ ሥራው ስድብ ነው፣ ሰደበኝ። አንተ ግን ያን ቀን አብረህ ሳቅህ። ቪዲዮው ላይ አይቼሃለሁ።»

እውነት ነበር። አጭር ሳቅ ነበረች፣ የማያውቀው ሰው አባት እንደተሰደበ ዓይነት። አዝመራው ይህን ለሰው ቀርቶ ለራሱም ነግሮ አያውቅም፤ ያን ቀን በአባቱ መጥረጊያ አፍሮ ነበር። አሁን በማፈሩ አፈረ።

ከመድረኩ ወረደ። ብሎኬቱን ከአቪኤል ጫንቃ ተቀብሎ በራሱ ጫንቃ ላይ ጫነና ተንበረከከ። ያ ሁሉ ግጥም የት እንደገባ እንጃ፤ ከአፉ የወጣው አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«ይማሩኝ።»

አባባ ይርዳው ቶሎ ተነሥ አላሉትም።