ከማጨጃው ፊት

«ፈርም። ቶለሳ ሞቷል፤ ከእንግዲህ እሱን ማንም አያስረውም።»

የከብት እርባታው ሥራ አስኪያጅ ጓድ ስብሐት በሠልስቱ ዕለት፣ እዚያው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ወረቀቱን ኢታና ጉልበት ላይ አስቀመጠ። ያንሾካሸከ መስሎታል፤ የጉለሌ ለቀስተኛ ግን እያለቀሰም ይሰማል። ወረቀቱ «ማጨጃውን የመረጠው ሟች ነው፤ አድራጎቱም አሻጥር ነው» ይላል።

የኢታና ወንድም ቶለሳ መካኒክ ነበር፣ ኢታና ሹፌር። የእርባታው የቀድሞ ባለቤት፣ ጣሊያኑ፣ ጥሏት የሄደው ትንሿ ትራክተር ሁለት ማጨጃ ነበራት፤ አንዱ እንደ መቀስ የሚቆርጥ ባለ ጥርስ፣ ሌላው የሚሽከረከር ቢላ።

«መቀሱን ግጠም» አለው ቶለሳ በሞተበት ዕለት ጠዋት። «ሜዳው ድንጋይ ነው። ሽክርክሪቱ ድንጋይ ካገኘ ሰው ይገድላል።»

«መቀሱ አራት ቀን ይፈጃል» አለ ስብሐት። «ለአብዮቱ በዓል እንግዶች አሉብን። ሽክርክሪቱን ግጠም ብያለሁ።»

ኢታና ሽክርክሪቱን ገጠመ። ፈርቶ ብቻ አይደለም፤ የመቀሱን ጥርስ መሞረድም ሰልችቶት ነበር። ቶለሳም ጎንበስ ብሎ ከትራክተሯ ፊት ፊት እየሄደ ድንጋዩን እየለቀመ ወደ ዳር መጣል ጀመረ። አንዷ እንዳመለጠችው አይቶ ሲመለስ ቢላው ቀድሞት መታት። የድንጋዩ ስባሪ የአንገቱን ሥር በጠሰው። ኢታና ዘሎ ወርዶ በሁለት እጁ ቢጨምቀውም ደሙ በጣቶቹ መሃል እየፈላ ወጣ።

«ፈርም እንጂ» አለ ስብሐት። «አለዚያ አሻጥረኛው አንተ ነህ።»

«የገጠምኩት እኔ ነኝ» አለ ኢታና፣ ድንኳኑ ሁሉ እየሰማው። «ያዘዝከኝ አንተ ነህ።»

እስከዚያች ሰዓት ስብሐትን «እርስዎ» ነበር የሚለው። ስብሐት ሊነሳ ሲል ኢታና አፉን በቡጢ መታው፤ ደገመው፤ ወረቀቱን ከተሰበረው ጥርሱ ጋር ጉሮሮው ውስጥ ጠቀጠቀለት። ገላጋይ ሲያላቅቀው ስብሐት ደም እየተፋ ወደ ቀበሌ ሮጠ።

«የአብዮት ጥበቃዎቹን ከነጠብመንጃቸው ይዞ ነው የሚመለሰው» አሉ ሽማግሌዎቹ። «በእንጦጦ በኩል ውጣ፣ ልጄ።»

የቶለሳ ሚስት ሙሉእመቤት ተነስታ ኢታና ፊት ቆመች።

«አንተ ነህ የገጠምከው?»

«እኔ ነኝ።»

በጥፊ አጮለችው። ከንፈሩ ደማ። እሷም ወደ ፍራሿ ተመለሰች፣ ፊቷንም ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች።

ኢታና አልሸሸም። እጁን በጋቢው ጠርጎ አጠገቧ ተቀመጠ። ሦስት ቀን ያልነካችውን የንፍሮ ሳህን ወደ ራሱ ሳበና ከስንዴው መሃል ጠጠር እየለቀመ ወደ ዳር ማስቀመጥ ጀመረ። የአብዮት ጥበቃዎቹ ጫማ ደጁን ሲረግጥ ተሰማ። አንዲት ጠጠር ቀርታ ነበርና ቀና አላለም።