ለእኔማ ነግራኛለች

«ለእኔማ ነግራኛለች» አለ ፀጉር አስተካካዩ ሮስኮ፣ የዶሮውን አጥንት ሳህኑ ጠርዝ ላይ እያስቀመጠ። «ልጁን እያስተካከልኩት፣ ‹ቀዮቹ ጋ ነው የሚሄደው› አለችኝ። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«ጆሮህን ታጠበው» አለች የመዘምራኑ መሪ አይዶራ። «ኦርኔታ ልቧ ሰማያዊዎቹ ጋ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እጄን ይዛ ነው የነገረችኝ።»

ጃሪየስ በሁለቱ መሀል ሶፋው ላይ ተቀምጦ ረጅም እግሮቹን የሚያደርግበት አጥቷል። እናቱ ኦርኔታ ያረፈችው እሑድ ነው፤ ቀብሯ ቅዳሜ ነው። በመሀሉ ያለው ረቡዕ ደግሞ በአገሩ ሁሉ ያሉ ፉትቦል፣ ያን ኳስ ታቅፎ የሚሮጥበትን ጨዋታ፣ የሚጫወቱ ልጆች ለየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚጫወቱ የሚፈርሙበት ቀን ነው። በእኛ በሚሲሲፒ ሠርግ ይተላለፋል እንጂ ያ ቀን አይተላለፍም።

ቀዮቹ፣ በመለያቸው ቀለም የምንጠራው ዩኒቨርሲቲ፣ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ናቸው። ሰማያዊዎቹ ሰሜን፣ በረዶ አገር። ሁለቱም በነጻ ሊያስተምሩት ቃል ገብተዋል። ጃሪየስ ለማንም ሳይናገር ለቀዮቹ ወስኖ ነበር፤ እናቱ ድካም አብዝታለችና እሑድ እሑድ ብቅ ሊልላት አስቦ። አሁን ብቅ የሚልላት እናት የለችም። የቀረው ምኞት እሷ የፈለገችውን ማድረግ ነው፤ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ግን ኬኩን ይዞ ይገባና የየራሱን ቀለም ይነግረዋል።

ባለፈው መከር አሰልጣኞቹ ተራ በተራ እዚሁ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ነበር። አሰልጣኝ ሲመጣ ጎረቤቱ ወንበር ይዞ ግቢ ውስጥ ይሰየማል፤ እኛም ተሰይመን በመስኮቱ እንሰማለን። የቀዮቹ ሰውዬ ስለ ስታዲየሙ፣ ስለ ትልቁ ስክሪን፣ ስለ ሰማንያ ሺህ ሕዝብ ተናገረ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌሯ ኦርኔታ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«እናንተ ጋ ባለፈው ዓመት ጉልበቱ የተሰበረው ልጅ አሁን የት ነው ያለው?»

«እሱማ ደኅና ነው።»

«የት ሆኖ ነው ደኅና የሆነው?»

ሰውየው ወደ ጣሪያው አየ። ከውጭ ሮስኮ ሳቁን መያዝ አቃተው።

የሰማያዊዎቹን አሰልጣኝ ሃልቨርሰንንም እነሱ ጋ ስለተጎዳው ልጅ ያንኑ ጠየቀችው። እሱ፣ «ትምህርቱን ትቶ እናቱ ቤት ገባ» አላት። «ቶሎ አልደወልኩለትም። የእኔ ጥፋት ነው።» ለሁለቱም የኮክ ፓይ ጨመረችላቸው፤ ከፊቷ ምንም አይነበብም ነበር። ጃሪየስ ኋላ የቱ እንደሚሻል ሲጠይቃት፣ «እኔ ነኝ እንዴ እዚያ ሜዳ ላይ የምላተመው? ራስህ ምረጥ» አለችው።

ሰኞ ሊመሽ ሲል አክስቱን ቬርሊንን ተከትሏት ወጥ ቤት ገባ።

«አክስቴ፣ ለአንቺስ ምን አለችሽ?»

«ለእኔ ምንም። ለሌላው ግን ለእያንዳንዱ የሚወደውን ነገረችው፣ አንተን እንዳይነዘንዙህ።» ፎጣዋን አስቀመጠች። «ሐኪሙ እንደማትተርፍ የነገራት ክረምት ላይ ነው።»

«ድካም ነው ብላኝ ነበር።»

«ካወቅህ ለእሷ ብለህ ቅርቡን ትመርጣለህ። ‹ትምህርት ቤት ይምረጥ፣ የእኔን አልጋ አይምረጥ› ብላ አስማለችኝ።»

«አስታምማት ነበር እኮ፣ አክስቴ።»

«ታደርገው ነበር። የፈራችውም እሱን ነው።»

ጃሪየስ በሞተች እናቱ ተናደደ፤ እንዲህ ተናዶባት አያውቅም። ከንዴቱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ያን ሁሉ ወር ንጋት ላይ ተነስታ አውቶቡሷን ነድታለች፣ ዓርብ ዓርብ ጨዋታው ላይ ከሁሉ በላይ ጮኻለች፣ እሱ ደግሞ ድካም ነው ብሎ አምኗታል። በእኛ ከተማ ኳስ አቅፈው የሮጡ ብዙ ጀግኖች አይተናል፤ እንደ ኦርኔታ ያለ ግን አላየንም።

ማክሰኞ ከሰዓት ሃልቨርሰን በጥቁር ሱፍ መጣ። ለአክስቱ አንገቱን ደፍቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ፣ ጥቂት ተቀመጠ፣ ከዚያ ጃሪየስ ብቻውን ሳህን ሲያጥብ አይቶ ኮቱን አወለቀና ማድረቂያ ፎጣ አነሳ።

«ስለ ኳስ ላወራህ አልመጣሁም» አለው።

«እኔ ላውራዎት። ጉልበቴ ቢሰበርስ?»

«በዚያኑ ቀን እደውላለሁ።»

«ለማን?»

አሰልጣኙ ደርቆ የተቀመጠውን ሳህን አንስቶ እንደገና ወለወለው።

«ለአክስቴ ይደውሉላት» አለ ጃሪየስ። «ነገ ለእናንተ ነው የምፈርመው። እማዬን ግን ቅዳሜ እቀብራለሁ፤ ከዚያ በፊት የሚደውልልኝ እንዳይኖር።»

«አይኖርም።»

ማጠቡንና ማድረቁን ቀጠሉ። በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ምግብ የሚወስድ ሰው፣ ዕቃው ተመልሶ እንዲመጣለት ስሙን በፕላስተር ላይ ጽፎ ከሥሩ ይለጥፋል። አይዶራ ለለቅሶው ባቄላ ያመጣችው በሰው ዕቃ ነበር፤ ባሏ የሞተ ጊዜ ምግብ ተሞልታ የመጣችላት፣ እሷም ሳትመልሳት የቀረች የሸክላ ሳህን ናት። ጃሪየስ ሲገለብጣት የእናቱን ስም አየ፤ በራሷ እጅ፣ የመጀመሪያውን ፊደል አግዝፋ የጻፈችው።

ቧንቧውን ቀነሰ። ፕላስተሩን በመዳፉ ከልሎ ውስጧን ብቻ አጠበ። ሃልቨርሰን ሊቀበለው እጁን ሲዘረጋ አልሰጠውም፤ በሸሚዙ ጫፍ ራሱ አደረቃት።