መነጽሩ የመለሰለት እጅ

ሃያ ዓመት ያበላችው የኤሌክትሪክ መጋዝ ናት የአናጢውን ቀኝ እጅ ከአንጓው የበላችው። ቁስሉ ደረቀ፤ ስቃዩ ግን አልለቀቀውም። የሌለው እጅ እንደ ተጨበጠ ቀርቶ ጥፍሮቹ መዳፉን ሲወጉት ይሰማዋል። «የሌለ ነገር እንዴት ያማል?» የሚለው ሰው ሲበዛበት ስለ ሕመሙ ማውራት ተወ። ያመነችው ሚስቱ ብቻ ነበረች።

እሷው ጎትታ ሆስፒታል ወሰደችው። ወጣቷ ሐኪም ዓይኑን የሚሸፍን፣ በኮምፒውተር የተሠራ ምስል የሚያሳይ ትልቅ መነጽር አጠለቀችለትና፣ «ጋሼ፣ እስቲ ወደ ታች ይመልከቱ» አለችው። በመነጽሩ ውስጥ ሁለት እጆች ጭኑ ላይ ተቀምጠው ታዩት።

«ሥዕል ነው» አለ ኮስተር ብሎ።

«ይሁን፤ ዝም ብለው ይዩት።»

ሚስቱ የክንዱን ጫፍ ሐኪሟ በሰጠቻት ብሩሽ ስትዳብሰው፣ እሱ የሚያየው ብሩሽ የሥዕሉን መዳፍ ሲዳብስ ነው። ጥቂት ቆይቶ ትንፋሹ ቁርጥ አለ።

«አንቺ! መዳፌን ነካሽው እኮ!»

ጣቶቹን ልዘርጋ አለ፤ ተዘረጉለት። ለወራት ያሰቃየው ጭብጥ ተፈታ። ሚስቱ ብሩሹን እንደያዘች አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ የሕክምናው ቀን አልደርስ ይለው ጀመር። «ሥዕሉ» ማለት ቀርቶ «እጄ» ሆነ። መነጽሩ ሲወልቅ ግን ፊቱ ይጠቁራል።

«ግራህን ሥራ አስለምደው እንጂ» ትለዋለች ሚስቱ።

«ቀኙ እያለልኝ?»

ሐኪሟ ላስደስተው ብላ በመነጽሩ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አሠራችለት፤ ጠረጴዛ፣ ሳንቃ፣ መላጊያ፣ መጋዝም ጭምር። ክፋት አላሰበችም። አናጢው ሳንቃውን ሲያይ እንደ ልጅ ሳቀ። ዳበሰው፤ ወደ መጋዟም ገፋው። ልማድ ነውና እጁ ከሳንቃው ጋር አብሮ ሄደ፤ የመጋዟ ጥርስ በአንጓው ውስጥ አለፈ። ሥዕሉ ላይ ጭረት እንኳ አልታየም። የአናጢው ጩኸት ግን ኮሪደሩን ሞላው።

መነጽሩን ሲያወልቁለት ክንዱን ብብቱ ውስጥ ወሽቆት ነበር።

«ምንም አልነካዎትም እኮ፣ ጋሼ!» አለች ሐኪሟ፤ እሷም ክው ብላለች።

«የፊተኛው ጊዜ፣ እጄ ሲቆረጥ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አላት። «ዛሬ ግን አየሁት።»

በሌላ ቀን ደግመው ሞከሩ። እጁን ያየዋል፤ ግን የሌላ ሰው እጅ ሆነበት። ሚስቱ ብትዳብስ ብትደባብስ ጣቶቹ አልታዘዙትም፤ ጭብጡም ተመልሶ ጠበቀ። መነጽሩን ራሱ አውልቆ ለሐኪሟ አቀበላትና አመሰገናት።

አውቶቡስ ውስጥ ሚስቱ፣ «ቀስ በቀስ ይሻልሃል» አለችው።

«አትድከሚ» አላት፣ በመስኮቱ እያየ።

ክረምቱ ሳይወጣ የእንጨት ሥራ ቤቱን ለሌላ አናጢ ለቀቀ። አሁን መኖሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቶ ይውላል። ሰላም ለሚለው ሁሉ ግራ እጁን ይዘረጋል፣ ይጫወታልም። ጨዋታው በመሃል ሲቋረጥ ግን፣ ሚስቱ ጭብጡ መጣበት ብላ ከጓዳ ሆና የምትሠራውን ትታ ታዳምጣለች።