እስከ መታጠፊያው

ስሜነሽ ከሱቁ ወጥታ መሮጥ ስትጀምር፣ እግሯ ላይ ያለው ጫማ ገና የእርሷ አልነበረም።

"ጫማ ቆመው ሲለኩት አይታወቅም። እስከ መታጠፊያው ሮጥ ብለው ይመለሱ" ያለቻት ባለሱቋ ዋሂዳ ናት። መታጠፊያው ቅርብ ነበር፤ ጥግ ላይ ሸንኮራ የሚሸጥ ሰው ቆሟል፣ ከእርሱ አለፍ ብሎ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ጋሪ። ስሜነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብሰብ አድርጋ፣ እየተሽኮረመመች ተነሣች።

ጫማው ግራጫ ነው፤ ልባሽ፣ ታጥቦና ተወልውሎ የቀረበ፣ ከማን እግር ወጥቶ ዳንግላ እንደ ደረሰ የማይታወቅ። መጀመሪያ የገረማት ድምፅ አልባነቱ ነበር። በሸራ ጫማዋ ስትሮጥ እያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቷ ድረስ ይሰማታል። አሁን መሬቱ ለስለስ ብሎ ተቀብሎ መልሶ የሚሰጣት መሰላት። ሸንኮራ ሻጩን አለፈች። መመለስ የነበረባት እዚያ ጋ ነው። አልተመለሰችም። እግሯ ታጠፈ፣ እርሷም አብራው ታጠፈች።

ስሜነሽ እንጅባራ ውስጥ ሒሳብ አስተማሪ ናት። ዕድሜዋ ወደ አምሳ ተጠግቷል። ሩጫ የጀመረችው ለጤና ብላ አይደለም። ባሏ ቢሻው ያኔ በመተማ መስመር ከባድ መኪና ይነዳ ነበር፤ እርሱ መንገድ ላይ ባደረ ቁጥር እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። ኔትወርክ የሌለበት በረሃ ሲገባ ስልኩ ዝም ይላል፣ እርሷም ጣሪያ ስታይ ይነጋል። አንድ ክረምት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ቤቱ ጠበባትና የእርሱን አሮጌ ጃኬት ደርባ ወጣች። ጉሙ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ዛፎቹ ግማሽ ግማሽ ሆነው፣ ሥራቸው ሳይታይ ጫፋቸው ብቻ ተንሳፍፎ ይታያል። መራመድ ጀመረች። ከዚያ ማንም እንደማያያት ሲገባት ሮጠች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለወጠ። የቢሻው ዓይን እየደከመ ሄዶ ሐኪሙ ከእንግዲህ መሪ እንዳይዝ ነገረው። መኪናውን አስረክቦ ቤቱ ገባ። ሌሊት አጠገቧ ሲተነፍስ ትሰማዋለች፣ እንቅልፍም ይወስዳታል። ሩጫው ግን አልቀረም። የምትጠብቀው ሰው ባይኖርም ጉሙ አለ። ጉሙ ውስጥ ስትገባ አስተማሪም፣ ሚስትም፣ የማንም እናት አይደለችም፤ እስትንፋስና እግር ብቻ ናት። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ልትናገረው ብትሞክርም ቃሉን አታገኘውም።

ዛሬ እርሷና ቢሻው ወደ ዳንግላ በሚኒባስ የመጡት የእግሯ አውራ ጣት ጥፍር ስለ ጠቆረ ነው። "በዚህ ሸራ ጫማ እግርሽን ልትጨርሽው ነው" ብሎ ቢሻው ነው ያነሣሣት። የዋሂዳ ሱቅ ከጣሪያው ጀምሮ ጫማ በጫማ ነው፤ እንደ በቆሎ ተጠላልፎ ተሰቅሏል። በመጀመሪያ አዲስና የሚያብረቀርቅ ቀይ ለካች፤ ሶሉ እንደ ጣውላ ደረቅ ነበር። ቀጥላ ያነሣችው ሐምራዊ ያምራል፣ ግን ጣቷን ያዛት። ዋሂዳ ጠቆር ያለውን ጥፍር አይታ "ሲሮጡ እግር ያብጣል፣ ፊት ለፊቱ ትንሽ ቦታ ይኑረው" አለችና ግራጫውን ከኋላ አወጣችላት።

ቢሻው ከበርጩማው ላይ ሆኖ ደስ ብሎት ሲያይ ቆየና፣ ከጎኑ የተሰቀለ አንድ ጫማ አንሥቶ፣ "እንግዲያው ለእኔም አንድ ይፈለግልኝ! ከነገ ጀምሮ አብረን ነው የምንወጣ" አለ።

"አንተ? በዚህ ዓይንህ?"

ቃሉ ካፏ ወጣ። መመለስ አልቻለችም። ቢሻው የያዘውን ጫማ ወደ ቦታው መለሰ፤ ግን ጫማው የተሰቀለበትን ሚስማር ሳተውና መሬት ላይ ወደቀ። ዋሂዳ ጎንበስ ብላ አነሣችው። ዋሂዳ "እስከ መታጠፊያው ሮጥ ብለው ይመለሱ" ያለችው ጫማውን ወደ ሚስማሩ እየመለሰች ነበር።

አሁን ስሜነሽ መታጠፊያውን አልፋ ሁለተኛ መንገድ ላይ ናት። የገበያ ቀን ነው። ሽንኩርት የዘረጉ ሴቶች ቀና ብለው አዩዋት። አንዲት ባዶ ጀሪካን የያዘች ሴት ጀሪካኗን ጥላ ከጎኗ መሮጥ ጀመረች።

"እህቴ፣ ማን ነው? መርዶ ነው?"

"ኧረ ማንም አልሞተም!"

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የምትሮጭ?"

"ጫማ እየለካሁ ነው።"

ሴትዮዋ ቆመች። ከስሜነሽ ኋላ ሣቋ ተሰማ፤ ክፋት የሌለበት፣ ረጅም ሣቅ። "ጫማ እየለካች ነው!" ብላ ለሌሎቹ ነገረቻቸው፣ እነርሱም ሣቁ፣ ሣቁም እየራቀ እየራቀ ሄዶ ከገበያው ሁካታ ጋር ተቀላቀለ።

የብረታ ብረት ቤቶቹን አለፈች፤ የመዶሻው ድምፅ እንደ ሩቅ ደወል ሆነባት። የሣር ተራ፣ የእህል ተራ፣ ከዚያ ጭር ያሉ ግቢዎች። ከኋላዋ የፈረስ ኮቴ መጣና ከጎኗ እኩል ሆነ። ባዶ ጋሪ ነው፤ ባለጋሪው መታጠፊያው ላይ ቆሞ የነበረው ነው። አዝመራው ይባላል፤ ጋሪው ጎን ላይ ስሙ በቀይ ቀለም ተጽፏል።

"እትየ፣ ይሳፈሩ እንጂ። የት ነው የሚሄዱት?"

"የትም።"

አዝመራው ትንሽ አሰበ። "እኔም ወደዚያው ነኝ" አለ።

ከዚያ በኋላ አላናገራትም። ፈረሱ በእርሷ ልክ እየሶመሶመ ከጎኗ ሄደ። የአንገቱ ቃጭል ሲመታ እግሯ አብሮት ይወርዳል፤ ወይም እግሯ ሲወርድ ቃጭሉ ይመታል፣ የትኛው የትኛውን እንደሚከተል መለየት አቃታት። ከተማው አለቀ። ግራና ቀኝ የታጨደ የጤፍ ማሳ ተዘረጋ፤ ክምሮቹ በፀሐይ ወርቅማ ሆነው፣ ጥላቸውን ከአጠገባቸው አስተኝተው ተቀምጠዋል። ነፋሱ የገለባ ሽታ ይዟል። ስሜነሽ ሰውነቷ ከፊቷ እየሄደ እርሷ ከኋላ የምትከተለው መሰላት። ጥፍሯ አላመማትም። ጉልበቷ አላስታወሳትም። እንዲህ እየሮጠች አንድ ሐይቅ ድረስ ስትደርስ፣ ውኃው ዳር ቆማ ፊቷን ስትታጠብ፣ ማንም ስሟን የማያውቅ ቦታ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ስትዘረጋ ታያት። እንደ ሕልም ነበር፤ ሕልም መሆኑን እያወቁ እንደማይነቁበት ዓይነት ሕልም።

ደግሞ ጉም የለም። ይህን ያስተዋለችው ትንሹ ድልድይ ጋ ስትደርስ ነው። ጠራራ ፀሐይ ነው። ገበያው በሙሉ አይቷታል፣ ስቆባታል፣ ምንም አልሆነችም።

ድልድዩ ላይ ቆማ ተነፈሰች። ሰዓት ለማየት እጇን ወደ ወገቧ ሰደደች። ስልኳ የለም። ቦርሳዋ ሱቁ ውስጥ፣ ቢሻው አጠገብ ነው።

ያን ጊዜ ነቃች። የማይነሣ ስልክ ምን እንደሆነ ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። "በዚህ ዓይንህ" ብላው ወጥታ አልተመለሰችም።

አዝመራው ጋሪውን አዙሮ ቆሞ ነበር።

"አሁንስ ልሳፈር" አለችው።

"ሰው እየጠበቀዎት ነው?"

"አዎ።"

"ብዙ ቆየ?"

"ብዙ" አለች ስሜነሽ፤ ለራሷ የተናገረች ያህል ነበር። አዝመራው ልጓሙን ሳብ አደረገና ፈረሱ ሽምጥ ተነሣ።

ዋሂዳ በሩ ላይ ቆማ ግራ ቀኝ ስታይ ነበር። ጋሪውን ስታይ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"አልሐምዱሊላህ! እስከ መታጠፊያው እኮ ነው ያልሁዎት! እኔማ ይዘውት ጠፉ ብየ ልጮህ ነበር። ጋሸ ናቸው 'ትመጣለች፣ ይህን ያዥ' ብለው መንጃ ፈቃዳቸውን ያስያዙኝ።"

ስሜነሽ ይቅርታ ጠይቃ ገባች። ቢሻው በርጩማው ላይ ነው፤ ቦርሳዋን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የሸራ ጫማዋን በእግሮቹ መሀል እኩል አሰልፎ ተቀምጧል። ድምፅዋን ሲሰማ ቀና አለ። መኪና መንዳት ከተወ ወዲህ ያንን መንጃ ፈቃድ ከደረት ኪሱ ለይቶት አያውቅም።

"ደወልሁልሽ" አለ። "ቦርሳሽ ውስጥ ጮኸ።"

"ረስቼው ነው።"

"አወቅሁ። መጀመሪያ ሣቅሁ። ከዚያ መኪና ገጭቷት ይሆን አልሁ። ከዚያ ደግሞ 'ተቀይማኝ ነው፣ ወደ ቤት ሄዳለች' አልሁ።" ቦርሳውን ከአንዱ ጭኑ ወደ ሌላው አዛወረው። "አንች፣ እኔ መንገድ ላይ ስሆን፣ እንዲህ ነበር የምታስቢ?"

"እንዲህ ነበር።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ። ተወው አሁን።"

ዋሂዳ ወደ ጓዳ ገባች። የምትሠራው ያልነበራት ይመስላል፤ ካርቶን ስታነሣና ስታስቀምጥ ይሰማል።

"ጫማውስ?" አለ ቢሻው።

"እግር ያስረሳል።"

"እሱንስ አየሁት" ብሎ ፈገግ አለ። ፈገግታው ብዙም አልቆየም። "ለእኔ ያልሁትን ተይው። እውነትሽን ነው፣ በጉም ውስጥ አላይም። እኔ ሩጫውን ብየ አልነበረም። ጎሕ ሲቀድ የበሩ መቀርቀሪያ ሲከፈት እሰማለሁ፣ አንችም ቀስ ብለሽ ትወጫለሽ። እኔን ላለመቀስቀስ። እኔ ግን ሁልጊዜ ነቅቻለሁ። ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደምሠራ አላውቅም። መንገድ የለመደ ሰው ነኝ።"

ስሜነሽ ከፊቱ ቁጢጥ አለች። ላቧ ገና አልደረቀም። እሺ፣ ከነገ ጀምሮ አብረን፣ ማለት ቀላል ነበር። ብትለው ደግሞ ከሳምንት በኋላ እንደምትጠላው አወቀች፤ እርሱ እየተደናቀፈ ሲከተላት፣ እርሷ እየዞረች ስትጠብቀው፣ መጠበቁ ከአልጋ ተነሥቶ ጉሙ ውስጥ ሲከተላት።

"ቢሻው፣ ያ ሰዓት የእኔ ነው" አለች። "አንተን ስጠብቅ ያገኘሁት ነው። አሁን ደግሞ ወደድሁት። ሁሉንም ልሰጥህ አልችልም።"

"ሁሉንም አልጠየቅሁም።"

"ቅዳሜና እሁድ አብረን እንውጣ። በዝግታ፣ በአስፋልቱ ዳር። ሌላውን ቀን ብቻየን ነኝ። መቀርቀሪያውን ስትሰማ ግን፣ የተኛህ አትምሰል። መንቃትህን ንገረኝ። 'ሂጂ' በለኝ።"

ቢሻው ቃሉን እንደ ምግብ ቀምሶ ዋጠው። "ቅዳሜና እሁድ" አለ። "ይበቃኛል።"

ዋሂዳ የጠበቀችው ይህንኑ ይመስል ሰፋ ያለ ጥቁር ጫማ ይዛ ብቅ አለች። "ይኸ ለጋሸ ይሆናል። ከታች ጥርስ አለው፣ ጭቃ ላይ አያንሸራትትም።" ቢሻው ጎንበስ ብሎ ክሩን ለማሰር የመጀመሪያውን ቀዳዳ በጣቱ ፈለገ። የስሜነሽ እጅ ወደ ጫማው ሄደ፤ መንገድ ላይ ቆመና ተመለሰ። ቢሻው ቀዳዳውን ራሱ አገኘው። ሁለተኛውንም። ከዚያ ቆሞ እግሩን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መታ መታ አደረገና "ፍሬኑ ጥሩ ነው" አለ።

ዋሂዳ ሣቀች። መንጃ ፈቃዱን መለሰችለትና ወደ ስሜነሽ ዞረች። "እርስዎስ ላይዎ ላይ ምን ሊለብሱ ነው? እንጅባራ ብርድ ነው አይደል?"

የሩጫ ጃኬቶቹ ከመስኮቱ አጠገብ ተሰቅለዋል። ስሜነሽ አንዱን ጥቁር ሰማያዊ አነሣች። ቀጭንና ለስላሳ ነው፤ ልክ ከመንጋቱ በፊት እንዳለው ሰማይ፣ ለብሰውት ቢቆሙ የሚሟሙበት ቀለም። ትከሻዋ ላይ አደረገችው። ልኳ ነበር። በመስታወቱ ስታየው ልቧ ሄደ።

ከዚያ ወደ ሱቁ መጨረሻ፣ ብርሃን ወደማይደርስበት ጥግ ሄደች።

"ቢሻው፣ ከዚያ ሆነህ ታየኛለህ?"

ቢሻው በሩ አጠገብ ቆሞ አንገቱን ሰገግ አደረገ። "ድምፅሽን እሰማለሁ" አለ።

ከጃኬቶቹ ሁሉ በላይ አንድ ደማቅ ቢጫ ተሰቅሏል፤ ክንዱና ጀርባው ላይ መብራት ሲያርፍበት የሚያበራ ነጭ መስመር አለው። ዋሂዳ ዓይኗን ተከትላ ቀና አለችና "እሱን ያላሳየሁዎት መንገድ ሠራተኛ እንዳያስመስልዎ ብየ ነው" አለች። "ከሩቅ ነው የሚጮህ።"

"ያ ቢጫ የሚታየኝ ምንድን ነው?" አለ ቢሻው ከበሩ።

ስሜነሽ ሰማያዊውን ከትከሻዋ አወረደች። ጥቂት ጊዜ እጇ ላይ ያዘችው፣ በጣቷ ዳሰሰችው፣ ከዚያ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ቢጫውን አውርጅልኝ" አለቻት ዋሂዳን። "አትጠቅልይው። ለብሸው ነው የምወጣ።"