የጋጋሪው ማዳበሪያ

ጋጋሪው ከዳቦ ሌላ ብዙ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። አለማወቅ ነውር አይደለም፤ የእሱ ችግር ዓለምን ሁሉ በዳቦ መመዘኑ ነው። ትኩስ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ካደረ ዋጋ የለውም። ከወጣትነቱ ጀምሮ ምድጃ ፊት ቆሞ ያገኛት ጥበብ ይህች ብቻ ናት፤ ለዳቦውም በቅታዋለች። ለቲማቲም ግን አልበቃችም።

ነገሩ የጀመረው ሚስቱ የልጃቸውን የመጀመሪያ ወሊድ ልትረዳ ሌላ ከተማ በሄደች ጊዜ ነው። ሻንጣዋን በር ላይ አስቀምጣ እንኳ ዓይኗ ከጓሮው አልተነቀለም። ጓሮ ሲባል ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢቆምባት የምትጠብ የሲሚንቶ መተላለፊያ ናት፤ ግን ግድግዳው ሥር፣ በባዶ የዘይት ቆርቆሮ የተተከሉ ቲማቲሞች ተደርድረውባታል። ችግኞቹን የሰጧት ከበላያቸው ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩት አሮጊት ናቸው። ደረጃቸው ሁሉ የችግኝ ጣሳ ስለሆነ ሰፈሩ «እማማ ችግኝ» ይላቸዋል። ልጅ አልወለዱም፤ እማማ የማይላቸው ልጅ ግን የለም። ዘሩን በመስኮታቸው አብቅለው፣ ጠንከር ሲል ይዘው ወርደው፣ ከሚስቱ ጋር ተንበርክከው አብረው ተከሉት። አሁን ቲማቲሞቹ አበባ ይዘዋል።

«ውሃ ብቻ!» አለችው ሚስቱ። «ማዳበሪያውን ስመለስ እኔና እማማ እናደርገዋለን። አንተ እጅህን እንዳታስገባ።»

«እኔ ደግሞ ምን አገባኝ?» አለ ጋጋሪው፣ ቅር ብሎት።

አታድርግ የተባለ ሰው ልቡ አያርፍም። ሚስቱ በሄደች ማግስት ጋጋሪው ጓሮ ወጥቶ ቲማቲሞቹን ሲያያቸው ያዘኑ መሰሉት። አያት ሆና ስትመጣ ፍሬው ቀልቶ ቢጠብቃት፣ «አንተ ነህ እንዲህ ያደረግከው?» ብላ ብታቅፈው፣ ምን ነበረበት? ኬሚካል እንደማትወድ ያውቃል። ስለዚህ የተፈጥሮ ማዳበሪያ ፍለጋ መንገድ ዳር ችግኝ ወደሚሸጠው ሰውዬ ሄደ።

ሻጩ ሦስት ጆንያ ከፍቶ አሳየው። አንዱ ከቅጠልና ከልጣጭ የተሠራ ብስባሽ ነው፤ ሁለተኛው ትሎች ያብላሉት ጥቁር አፈር፤ ሦስተኛው የዶሮ ኩስ።

ጋጋሪው እጁን ብስባሹ ውስጥ ከተተ። ቀዝቃዛ ነው፤ ሲያሸተው ዝናብ የመታው አፈር ብቻ ይሸታል። «ይሄ ያደረ ነው» አለ።

«እንዲያድር ነው እኮ የሚፈለገው» አለ ሻጩ። «ለቲማቲም አንደኛ ነው። ቀስ ይላል እንጂ አይጎዳም።»

ከዚያ እጁን ወደ ዶሮው ኩስ ሰደደ። ሞቅ ያለ ነው። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ጋጋሪው ፊቱ በራ።

«እሱ ዛሬ የመጣ ነው» አለ ሻጩ። «ኃይለኛ ነው፤ ግን ተቀምጦ ካልተብላላ ሥር ያቃጥላል።»

«ለእኔ ነው የምትነግረኝ? ትኩስ እያለ ያደረ የሚገዛ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ሻጩ ትከሻውን ሰበቀ። ገዢ ንጉሥ ነው፤ ንጉሥ ደግሞ አይመከርም። ጋጋሪው ትኩሱን ተሸክሞ ገባና በየቆርቆሮው ግንዱ ሥር ድረስ ጠቀጠቀው። ሊጥ የለመደ እጅ ቆጥቦ አያውቅም፤ አንድ እፍኝ ጨመረ፣ ትንሽ መሰለውና ደገመ። ውሃ አፈሰሰበትና እጁን ታጥቦ፣ ቤቱ ሁሉ እየሸተተ በራሱ ተደሰተ።

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ሳምንት ሳይሞላ የቅጠሎቹ ጠርዝ ቡናማ ሆነ፤ ከዚያ ተጨማደዱ፤ አበባው ረገፈ። ጋጋሪው ደንግጦ ውሃ ላይ ውሃ ጨመረ፣ ኩሱን በጭልፋ ዝቆ አውጥቶ ጣለ፣ በምትኩ ንጹሕ አፈር ሞላ። አልረዳም። ግንዶቹ ቆመው ደረቁ። ጥፋቱ እንዳለ ሆኖ ማስረጃው ብቻ ጠፋ።

ሚስቱ የሕፃኑን ፎቶ በስልኳ ይዛ፣ ፊቷ ፈክቶ መጣች። ፎቶውን እንኳ በቅጡ ሳታሳየው ጓሮ ወጣች። ጋጋሪው ሊጠራት ሲወጣ የደረቀ ቅጠል በመዳፏ ይዛ ቆማለች።

«ምን አደረግካቸው?»

አሁን መናገር ይቻል ነበር። አፉ ውስጥ ነበረ ቃሉ። «ውሃ ብቻ» አለ። «እንዳልሽው።»

ቀና ብላ አየች። ከቲማቲሞቹ ራስ በላይ፣ ከእማማ ችግኝ በረንዳ የተዘረጋ የልብስ ማስጫ ገመድ አለ። ነጭ አንሶላ ተሰጥቶበት ጠብ ጠብ ይላል።

«በረኪና!» አለች። «በረኪና ነው ያንጠባጠቡበት! ሰጥተውኝ ሲያበቁ፣ ሲያምርልኝ ዓይናቸው አልቻለም፤ አይደል?»

ጋጋሪው ገመዱን አየ፣ ሚስቱን አየ። «ሊሆን ይችላል» አለ።

ሁለት ቃል ናት። ከዚያ በኋላ ሲያስባት ግን ከዚያች የበለጠ የሚያሳፍረው ነገር አልነበረም። ቲማቲሞቹን ያቃጠለው ባለማወቅ ነው፤ ይህችን ግን አውቆ ነው የተናገራት።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይሄ ነው። ክፋቱ እማማ ችግኝ የሚስቱን መምጣት ሰምተው ወዲያው ወረዱ። ለሕፃኑ በእጃቸው የሠሯት ቢጫ የክር ኮፍያ ይዘዋል። ጋጋሪው ኮቴያቸውን ሲሰማ መኝታ ቤቱን ከሳሎኑ ከሚለየው መጋረጃ ኋላ ገባ። ለምን እንደገባ ራሱም አያውቅም፤ እግሩ ነው የወሰደው።

«እንኳን ደስ አለሽ ልጄ! አያት ሆንሽ አይደል!» አሉ እማማ፣ በሩ ላይ።

«ቲማቲሞቼን አየሻቸው?» አለች ሚስቱ።

ጋጋሪው መጋረጃው ኋላ ደነገጠ። ሚስቱ እኒህን ሴት አንድም ቀን አንቺ ብላ አታውቅም።

«አሁን ነው የማያቸው... ምነው፣ ምን ሆኑ?»

«በረኪናሽን አፍስሰሽ ጨረስሻቸው እንጂ ምን ይሆናሉ! ምቀኛ! አንድ ወልደሽ ብታይ ኖሮ የሰው ፍሬ ማቃጠል ምን እንደሆነ ይገባሽ ነበር!»

ውጣ፣ አለ ጋጋሪው ለራሱ። አሁን ውጣ። ግን ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የምትለው አሮጌ ተረት መጣችለትና እሷን ይዞ ቆመ። ተረት ለፈሪ ሰው መቼም አይጠፋም።

እማማ ችግኝ ብዙ ቆዩ። «ይቅርታ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ምናልባት ጠብ ብሎ ይሆናል።» ኮፍያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ገመዱ ባዶ ሆነ። እማማ ዳቦ ቤቱም መምጣት ተዉ። ጋጋሪው እንደ ልማዱ ጠዋት ጠዋት ለእሳቸው አንድ ዳቦ መደርደሪያው ጥግ ያስቀምጣል፤ ማታ እዚያው ደርቆ ያገኘዋል። ለደንበኛ መልስ ሲሰጥ ይሳሳታል፤ ሰው «ምን ሆነሃል?» ሲለው ፊቱ ይቀላል። የሆድ ነገር ሆድ ይቆርጣል። ሚስቱም ብትሆን ደስ አላላትም። «ያን ያህል መናገር አልነበረብኝም» ትላለች አንዳንዴ፤ ደግሞ ወዲያው «ግን እሳቸውም አበዙት» ብላ ራሷን ታጽናናለች። እሱ ዳቦውን እያኘከ ይሰማታል።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በራቸው ላይ ዕቃ አገኘ። አንድ ከረጢት በወንፊት የተነፋ፣ ጥቁር፣ በደንብ የበሰለ ብስባሽና በጣሳ የበቀሉ አዲስ የቲማቲም ችግኞች ናቸው። ሚስቱ ወጥታ አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

«አየህ?» አለች፤ ድምፅዋ ለስልሷል። «ጥፋታቸውን አምነው ነው የካሱኝ። እንግዲህ ይቅር ማለት ነው።»

ጋጋሪው ይህን መቻል አቃተው። ሐሰቱ በእሱ አፍ ሳለ የተሸከመው እሱ ነበር፤ አሁን ግን የአሮጊቷ ደግነት የጥፋተኝነት ምስክር ሆኖ ሲቆጠር ሰማ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ ነኝ» አለ። «የዶሮ ኩስ ነው። ትኩስ ነበር። ሰውዬው ያቃጥላል ብሎኛል። ከዚያ ቆፍሬ ጣልኩት። እሳቸው ምንም አላደረጉም።»

ሚስቱ አልጮኸችም። ብትጮኽበት በወደደ። ከጎኑ ቆማ፣ «ቲማቲሙስ ይሁን» አለች። «ያን ቃል አናግረኸኝ፣ አሁን በየትኛው ፊቴ ነው በራቸው ላይ የምቆመው?»

አብረው ወጡ። እማማ ችግኝ በሩን ሲከፍቱ የቤቱ ወበቅ ወጣ፤ ከወንበር ወንበር ገመድ አስረው እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ አስጥተዋል። ሚስቱ ያን ስታይ እንባዋ መጣ። ጋጋሪው አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሮ ተናገረ።

እማማ ሳቁ። «ይሄንንማ መቼ አጣሁት? ያን ቀን ሽታው እዚህ ድረስ ወጥቶ መስኮት ዘግቼ አይደል የዋልኩት!»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» አለች ሚስቱ።

«ገና መግባትሽ ነበር። ከባልሽ ከምትጣይ ከእኔ ብትጣይ ይሻላል ብዬ ነዋ። እኔ ጎረቤት ነኝ፤ አብሬሽ አላድር።»

ሚስቱ ተንደርድራ ጉልበታቸውን ያዘች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ መመለስ አትችልም፤ ይቅር ይበሉኝ እያለች ብቻ ታለቅሳለች። እማማ ጎንበስ ብለው አነሷት፣ በነጠላቸው ጫፍ ፊቷን ጠረጉላት። «ተናደሽ ነው ልጄ። ንዴት ያናግራል። በአንቺስ ቂም አልያዝኩም።»

ከዚያ ወደ ጋጋሪው ዞሩ። ሳቃቸው ከፊታቸው አልጠፋም፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ አለ።

«አንተ ግን አልተናደድክም ነበር» አሉት። «ጫማህ ከመጋረጃው ሥር ይታየኝ ነበር፤ ዱቄት ነክቶታል። አሁን ይወጣል፣ አሁን ይወጣል እያልኩ ነበር ያን ያህል የቆምኩት።»

እጃቸውን ሰደው የተሰጣውን አንሶላ ደርቆ እንደሆነ ዳሰሱ። ጋጋሪው እግሩን የሚያደርግበት አጣ።